ሐይቅ እስጢፋኖስን በአንድ ቀን በደንብ ለማየት፦ ከደሴና ከኮምቦልቻ ለምትነሱ ዝርዝር መመሪያ

ከደሴ ሐይቅ 30 ኪሎ ሜትር አካባቢ ነው፣ ቅርብ ስለሆነ ደሞ ብዙ ሰው ምንም ሳይዘጋጅ ነው ብድግ ብሎ የሚሄደው። ረፋድ ላይ ይነሳል፣ ውሃው ዳር አሳ ይበላል፣ ሐይቁን ከኋላው አድርጎ ፎቶ ይነሳል፣ አመሻሽ ላይ ይመለሳል። የሐይቅ እስጢፋኖስን ገዳም ግን አላየውም፣ ወይ ደሞ አሳውን በልቶ ከሰዓት ሲሄድ አባቶች ጸሎት ላይ ናቸው ተብሎ ከበር ተመልሷል። እኔን ይሄ ነገር በጣም ነው የሚቆጨኝ፣ ምክንያቱም ያ ቦታ እንደው የሚያምር ገዳም ብቻ አይደለም፣ የሀገሪቱ ትልልቅ መምህራን የተማሩበት፣ ከ700 ዓመት በላይ የሆነው መጽሐፍ የሚገኝበት ቦታ ነው። ስለዚህ ይሄን ጽሁፍ የምጽፈው አንድ ነገር ለማለት ነው፦ ገዳሙን አስቀድሙ፣ ሐይቁንና አሳውን ከሰዓት አድርጉት። የቀረው ዝርዝር ሁሉ ከዚህ ቅደም ተከተል የሚመጣ ነው።

መጀመሪያ ቀኑን ምረጡ

ለመንገድም ለማየትም የሚመቸው ከመስከረም መጨረሻ እስከ ጥር ያለው ጊዜ ነው፣ ዝናቡ አልፎ አካባቢው አረንጓዴ ነው፣ አየሩም ጥርት ያለ ነው። ሐምሌና ነሐሴ ወሎ ላይ ዝናቡ ከባድ ስለሆነ ጭቃውም ጉሙም ያስቸግራል፣ የበልጉ ዝናብ ደሞ ከየካቲት ጀምሮ ሊመጣ ይችላል ግን ያን ያህል አያግድም።

ከወሩ በላይ ግን የሚወስነው የቤተክርስቲያኑ ቀን አቆጣጠር ነው። ለንግሥ መሄድ ከፈለጋችሁ የቅዱስ እስጢፋኖስ ጥቅምት 17 እና ጥር 1 ነው፣ የገዳሙ አበምኔት የነበሩት የአቡነ ኢየሱስ ሞዐ ደሞ ኅዳር 26። በነዚህ ቀኖች ማኅሌቱ፣ ዝማሬው፣ ከየገጠሩ የሚመጣው ሕዝብ ሌላ ዓለም ነው፣ ግን ቅርስ ላይ ቆም ብላችሁ ጠይቃችሁ ልታዩ አትችሉም፣ አባቶችም ጊዜ የላቸውም። ታሪኩን በእርጋታ ማየት የሚፈልግ ሰው ተራ የሥራ ቀን ይምረጥ። እሁድ ከሆነ ቅዳሴው እስኪያልቅ ጠብቁ። በዐቢይ ጾም ደሞ ከሰኞ እስከ አርብ ቅዳሴ የሚገባው ከቀትር በኋላ ነው፣ ስለዚህ ጠዋት ካልደረሳችሁ ቀኑ ያመልጣችኋል። የፍልሰታ ሱባኤ ጊዜ፣ ማለትም ነሐሴ የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት፣ ሰው ለጸሎት የሚገባበት ስለሆነ ለጉብኝት ብቻ ባትሄዱ ነው የሚሻለው።

ማን እንደሚሄድ ተነጋገሩ፣ በተለይ ሴቶች ካላችሁ

ይሄን ቀድሜ የምናገረው ብዙ ቤተሰብ በር ላይ ደርሶ ስለሚደናገጥ ነው። የእስጢፋኖስ ገዳም የወንዶች ገዳም ነው፣ ሴት አይገባም። በአካባቢው ግን የሴቶች ገዳም አለ፣ እህቶች እዛ ሄደው መሳለም፣ ከእናቶች ጋር መነጋገር ይችላሉ፣ ከዛ ውጪ ያለው የሐይቁ ዳርቻ ሁሉ ደሞ ለሁሉም ክፍት ነው። ስለዚህ ሚስትና እህት ይዞ የሚሄድ ሰው ከቤት ሳይወጣ ይንገራቸው። ጥሩው አካሄድ ለሁለት መከፈል ነው፣ ወንዶቹ ወደ እስጢፋኖስ፣ ሴቶቹ ወደ ሴቶቹ ገዳም፣ ከዛ ሰዓት ተቀጣጥሮ ሐይቁ ዳር ምሳ ላይ መገናኘት። ሴቶቹን በር ላይ ፀሐይ ላይ አስቀምጦ ሁለት ሰዓት መጥፋት ግን ነውር ነው፣ እውነቴን ነው። እነሱ የራሳቸው ፕሮግራም ይኑራቸው።

ሙስሊም ወንድሞችም ይጠይቃሉ፣ መግባት ይቻላል ወይ እያሉ። ወሎ ነው እኮ፣ ሰላም ብሎ በአክብሮት ለመጣ እንግዳ ፊት አይነሳም። በር ላይ ማንነታችሁን ተናግራችሁ ታሪኩን ለማየት ነው የመጣነው በሉ፣ የት ድረስ መግባት እንደሚቻል እነሱ ይነግሯችኋል። የተባለውን ብቻ አክብሩ።

ምን ልያዝ

ደሴ ብርድ ስለሆነ ሰው ጃኬት ደርቦ ይወጣል፣ ሐይቅ ግን ከደሴ ዝቅ ያለ ስለሆነ ይሞቃል፣ የሚወልቅ ልብስ ይሁን። ወንዶች ረጅም ሱሪ፣ ሴቶች ረጅም ቀሚስ፣ ሁለቱም ነጠላ ቢይዙ ጥሩ ነው፣ ቁምጣ ለብሶ ገዳም በር ላይ መቆም አይሆንም። ጫማችሁ ቶሎ የሚወልቅ ይሁን፣ ቤተክርስቲያን ውስጥ በባዶ እግር ነው የሚገባው። ዝርዝር ብር በካሽ ያዙ፣ ቴሌብር አለኝ ብላችሁ አትተማመኑ፣ ለባጃጁም ለጀልባውም ለሙዳየ ምጽዋቱም ዝርዝር ነው የሚያስፈልገው። ውሃ፣ ኮፍያ፣ ፓወርባንክ። ገዳሙ ውስጥ ለሚኖሩት አንድ ነገር መያዝ የሚፈልግ ደሞ ጧፍ፣ ዕጣን፣ ዘቢብ ቢወስድ ከብዙ ነገር ይበልጣል።

መንገዱ

ከኮምቦልቻ የምትነሱ መጀመሪያ ደሴ መውጣት አለባችሁ፣ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው ግን ሐረጎን የሚያውቅ ያውቀዋል፣ ጥምዝምዙም ዳገቱም አያስቸኩልም፣ ጠዋት ላይ ጉም ከያዘው ደሞ መኪናው በዝግታ ነው የሚሄደው። ስለዚህ ከኮምቦልቻ 12 ሰዓት ላይ፣ ከደሴ ደሞ ቢዘገይ 1 ሰዓት ላይ ተነሱ። ከአዲስ አበባ የምትመጡ ደሞ ወይ በአውቶቡስ 400 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዛችሁ ደሴ እደሩ፣ ወይ በአውሮፕላን ኮምቦልቻ ውረዱ፣ በዛው ቀን ግን ሐይቅ እደርሳለሁ ብላችሁ አትጣደፉ፣ ደክሟችሁ የምታዩት ነገር አይገባችሁም።

ደሴ መናኸሪያ ገብታችሁ የሐይቅ ሚኒባስ የቱ ነው ብላችሁ ጠይቁ፣ ወደ ወልድያ በሚወስደው ዋና አስፋልት ነው የሚሄደው፣ አብዛኛውን ጊዜ አንድ ሰዓት አይፈጅም። ወልድያ ድረስ የሚሄድ መኪናም መንገድ ላይ ያወርዳችኋል ግን የሙሉ መንገድ ሂሳብ እንዳይጠይቃችሁ ቀድማችሁ ተነጋገሩ። በራሳችሁ መኪና ከሆነ በተለይ መውረጃዎቹ ላይ ፍሬን አታስጨንቁ፣ በማርሽ ውረዱ፣ ከብትና ጋሪም መንገዱ ላይ አይጠፋም። ደሞ ከመነሳታችሁ በፊት ማታውኑ ሐይቅ ወይ ደሴ ያለ ሰው ጋ ደውላችሁ መንገዱ ሰላም መሆኑን አረጋግጡ፣ ይሄ አሁን ሁላችንም የለመድነው ነገር ነው፣ ግን ችላ የሚል ሰው አለ።

ሚኒባሱ የሚያወርዳችሁ ሐይቅ ከተማ ነው፣ የተሁለደሬ ወረዳ ዋና ከተማ። ከዛ ወደ ገዳሙ በባጃጅ ወይ በእግር ነው። በእግር ብትሄዱ እመርጣለሁ፣ ጠዋት ስለሆነ አይሞቅም፣ ሐይቁም ቀስ እያለ እየተገለጠ ይመጣል። ባጃጅ ከያዛችሁ ዋጋውን ከመግባታችሁ በፊት ቁረጡ፣ መመለሻ የሚመጣላችሁ ከሆነም ስልክ ተቀበሉ።

ከመግባታችሁ በፊት ይሄን ታሪክ ያዙ

እዚህ ጋ ትንሽ ታገሱኝ፣ ምክንያቱም ታሪኩን ሳያውቅ የገባ ሰው የሚያየው ዛፍ፣ ቤተክርስቲያንና የቆዩ ዕቃዎች ብቻ ነው።

ገዳሙ ያለበት ቦታ ድሮ በውሃ የተከበበ ደሴት ነበር፣ አሁን በአንድ በኩል ከየብሱ ጋር ተያይዟል፣ ለዛ ነው በእግር የምትገቡት። በትውፊት መጀመሪያ የተመሠረተው በ9ኛው ክፍለ ዘመን በንጉሥ ድልናዖድ ጊዜ ነው ይባላል። ስሙ የገነነው ግን በ13ኛው ክፍለ ዘመን፣ አቡነ ኢየሱስ ሞዐ ከደብረ ዳሞ ተምረው መጥተው በፈረንጆቹ 1248 አካባቢ የገዳሙ አበምኔት ከሆኑ በኋላ ነው። እሳቸው ቦታውን ትምህርት ቤት አደረጉት። አቡነ ተክለ ሃይማኖት ወደ ደብረ ሊባኖስ ከመሄዳቸው በፊት እዚህ ነው የተማሩት። ጣና ላይ ዳጋ እስጢፋኖስን የመሠረቱት አባ ኂሩተ አምላክም የእሳቸው ደቀ መዝሙር እንደነበሩ ነው የሚነገረው፣ የዳጋውም ገዳም በእስጢፋኖስ ስም መሆኑን ልብ በሉ። በኋላ ደሞ የወሎው ሊቅ አባ ጊዮርጊስ ዘጋስጫ እዚሁ ገዳም ተምረዋል። እስቲ አስቡት፣ ሸዋ ላይ፣ ጣና ላይ፣ ወሎ ላይ የተነሱት ትልልቅ ገዳማት ታሪካቸውን ወደ ኋላ ስትስቡት እዚህ ውሃ ዳር ይመጣል።

መንግሥትም ከዚህ ጋር ተያይዟል። ይኩኖ አምላክ በፈረንጆቹ 1270 ሲነግሥ የኢየሱስ ሞዐ እጅ እንዳለበት ትውፊቱ ይናገራል፣ ከዛ በኋላም የሐይቅ አበምኔት ዐቃቤ ሰዓት የሚባለውን ማዕረግ ይዞ ቤተ መንግሥት ውስጥ ከትልልቆቹ ባለሥልጣናት አንዱ ሆኖ ለረጅም ዘመን ቆይቷል። ክፉ ጊዜም አልፎበታል፣ በፈረንጆቹ 1531 የኢማም አሕመድ ጦር እዚህ ደርሶ የገዳሙ ሀብት ተወስዷል። ይሄ ሁሉ አልፎ የተረፈውን ነው የምታዩት።

ሽማግሌዎች ደሞ ሐይቁ እንዴት እንደተፈጠረ የሚያወሩት ታሪክ አለ፣ አንዲት ነፍሰ ጡር በአንዲት ልዕልት ተበድላ እግዚአብሔር ተቆጥቶ ዙሪያዋን ያለውን መሬት ሁሉ ውሃ አደረገው፣ እሷ የተቀመጠችበት ቦታ ብቻ ተረፈ፣ እሱም ገዳሙ ያለበት ነው ይላሉ። አንድ የአካባቢው አባት ካገኛችሁ እሳቸው ይንገሯችሁ፣ ከኔ ይልቅ ያምርባቸዋል።

በሩ ላይ እና ውስጥ

በር ላይ ስትደርሱ ዝም ብላችሁ አትዝለቁ። አንድ አባት ወይ ዘበኛ ይኖራል፣ ክርስቲያን ከሆናችሁ «አባ ይፍቱን» ብላችሁ መስቀል ተሳለሙ፣ ካልሆናችሁም ጎንበስ ብሎ ሰላም ማለት ይበቃል። ከየት እንደመጣችሁ ንገሩ፣ ቅርሱን ማየት እንደምትፈልጉ ጠይቁ፣ የመግቢያ ክፍያ ካለ ከፍላችሁ ደረሰኝ ተቀበሉ። ዕቃ ቤቱን የሚከፍተው አባት እስኪመጣ ልትጠብቁ ትችላላችሁ፣ ቁልፉ እሱ ጋ ነው፣ እሱ ደሞ እርሻ ላይ ወይ ጸሎት ላይ ሊሆን ይችላል። እዚህ ጋ ነው ጠዋት የመጣ ሰው የሚጠቀመው፣ መጠበቅ ትችላላችሁ፣ ቀኑ ገና ነው። ከዛፎቹ ሥር ተቀመጡ፣ ወፎቹን ስሙ፣ ድምፃችሁን ዝቅ አድርጉ፣ ስልካችሁን ሳይለንት አድርጉ።

ዕቃ ቤቱ ሲከፈት መጀመሪያ ስለ ወንጌሉ ጠይቁ። የኢየሱስ ሞዐ ወንጌል የሚባለው አራቱ ወንጌል በፈረንጆቹ 1280 ወይም 1281 የተጻፈ ነው፣ ዘመኑ በራሱ ውስጥ ከተጻፈላቸው የሀገራችን ጥንታዊ የብራና መጻሕፍት አንዱ ነው፣ የኢየሱስ ሞዐ ሥዕልም አለበት። እሳቸው ያረፉት በ1290ዎቹ መጀመሪያ ስለሆነ ሥዕሉ የተሣለው በሕይወት እያሉ ነው ማለት ነው፣ እንደዚህ ያለ ነገር በሀገራችን ብርቅ ነው። መጽሐፉ በማይክሮፊልም ስለተነሳ የዓለም ተመራማሪዎች ያውቁታል፣ እኛ 30 ኪሎ ሜትር ላይ ያለነው ግን ስሙንም የማናውቅ ብዙ ነን። ሁልጊዜ ይወጣል ብላችሁ ግን አትጠብቁ፣ አባቶች ዛሬ አይወጣም ካሉ አትጨቅጭቁ፣ ለሰባት መቶ ዓመት ያቆዩት እንደዛ እየጠበቁ ነው። ያለው ሌላው ብራና፣ መስቀሉ፣ ንዋየ ቅድሳቱም በቂ ነው።

ብራና ሲታይ ሦስት ነገር ጠብቁ። በእጃችሁ አትንኩ፣ ገጹን የሚገልጠው አባት ነው፣ የእጅ ላብና ቅባት ብራናውንም ቀለሙንም ያበላሻል። ፎቶ ከማንሳታችሁ በፊት ጠይቁ፣ ከተፈቀደም ፍላሽ አጥፉ፣ ብርሃን ቀለምን እያደበዘዘ ነው የሚሄደው፣ አንዱ ፍላሽ ምንም ላይመስል ይችላል ግን በዓመት ውስጥ ስንት ሰው እንደሚያነሳ አስቡት። ሦስተኛ፣ ጥያቄ ጠይቁ። ይሄ ምን መጽሐፍ ነው፣ ማን ነው የጻፈው፣ ቆዳው የምንድነው፣ ቀለሙ ከምን ነው የሚሠራው ብላችሁ ጠይቁ። እንደው አየት አድርጎ ለሚሄድ ሰው አባም አሳይተው ነው የሚዘጉት፣ የሚጠይቅ ሰው ሲያገኙ ግን ፊታቸው ይበራል፣ ሌላም ያወጣሉ።

አባቶችን ፎቶ አታንሱ ካልፈቀዱ፣ ደጅ ላይ የሚማሩትን የቆሎ ተማሪዎችም እንደዛው። ገንዘብ መስጠት ከፈለጋችሁ ሙዳየ ምጽዋት ውስጥ አድርጉ ወይ ለገዳሙ በደረሰኝ ስጡ።

ከሰዓት፦ ሐይቁ

6 ሰዓት አካባቢ ከገዳሙ ወጥታችሁ ወደ ዳርቻው ውረዱ፣ ከሴቶቹም ጋ የምትገናኙት እዚህ ነው። ሎጎ ሐይቅ የሚሉትም አሉ፣ ስፋቱ 23 ስኩዌር ኪሎ ሜትር አካባቢ ነው፣ ጥልቀቱ ግን ከ80 ሜትር ያልፋል፣ ይሄን ቁጥር በደንብ ያዙት። ዳር ላይ ጸጥ ብሎ ስለሚታይ ወጣቶች ዘለው ይገባሉ፣ ትንሽ እንደሄዱ ግን መሬቱ ይጠፋል። ዋና የማይችል ሰው አይግባ፣ የሚችልም ብቻውን አይግባ፣ ልጆችን ደሞ ዓይናችሁ አይልቀቃቸው። ቢልሃርዚያም በአካባቢው የሚታወቅ በሽታ ነው፣ ስለዚህ ዳር ዳሩን ሣርና ቄጠማ ያለበት ውሃ ውስጥ በባዶ እግር እየቆማችሁ አትጫወቱ።

ጀልባ ከፈለጋችሁ ዋጋው በሰው ነው ወይስ በጀልባ፣ ደርሶ መልስ ነው ወይስ አይደለም፣ ለስንት ደቂቃ ነው፣ ሦስቱንም ከመሳፈራችሁ በፊት ጨርሱ። ላይፍ ጃኬት ከሌለ አትሳፈሩ፣ ባለጀልባው የቱንም ያህል ዋናተኛ ቢሆን። ነፋስ ተነስቶ ውሃው ማዕበል ከጀመረ ለሌላ ቀን ይቆይ፣ ጀልባ ላይ ተነስቶ ሰልፊ መነሳት ደሞ በፍጹም አይሞከር።

ሐይቁ መውጫ ወንዝ የለውም፣ የገባ ነገር እዛው ነው የሚቀረው። የሃይላንድ ፕላስቲክ፣ ፌስታል፣ የብስኩት ወረቀት የምትጥሉት ማንም አይወስደውም ማለት ነው። ፌስታል ይዛችሁ ሂዱና የራሳችሁን ቆሻሻ ሰብስባችሁ ከተማ ድረስ ይዛችሁ ተመለሱ፣ መኪናና ሞተር ሐይቁ ውስጥ አስገብቶ ማጠብም ይቅር፣ ዘይቱ የሚሄድበት የለም እኮ።

ምሳ

አሳው አሁን ነው። ብዙ ጊዜ የምታገኙት ቆሮሶና አምባዛ ነው። ቆሮሶው ድሮ እዚህ አልነበረም፣ በፈረንጆቹ 1970ዎቹ መጨረሻ ነው አምጥተው የጨመሩት፣ ዛሬ ግን የአካባቢው ዓሣ አጥማጅ እንጀራ ሆኗል። ቅርፊት የሌለው አሳ የማይበላ ሰው ስላለ አብሯችሁ ያለውን ጠይቃችሁ እዘዙ፣ አምባዛ ቅርፊት የለውም። ከመጠበሱ በፊት አሳዩኝ በሉ፣ ዓይኑ ጥርት ያለ፣ ስንጥቡ ቀይ የሆነ ትኩስ ነው። ጥቃቅኑን አትግዙ፣ ገና ያልረባ አሳ ከተበላ ነገ ምንም አይኖርም። ጥብሱ ከሚጥሚጣና ከሎሚ ጋር ጥሩ ነው፣ ዱለቱም እንደዛው፣ ለልጆች ግን አጥንቱን ለቅማችሁ አውጥታችሁ ስጡ። ሥጋ ነክ ምንም የማይነካ ጾመኛ ካለ በየዓይነቱ ከተማ ውስጥ አይጠፋም። ከምግብ በኋላ ቡና ተፈልቶ ጀባ ከተባላችሁ ቁጭ በሉ፣ ስለ ሐይቁ ብዙ ነገር የምትሰሙት እዛ ረከቦት ዙሪያ ነው።

መመለሻ

ከሐይቅ ወደ ደሴ የሚሄድ መኪና ሲመሽ ይሳሳል፣ ስለዚህ 10 ሰዓት ላይ ከተማው ውስጥ ሁኑ፣ ኮምቦልቻ የምትገቡ ደሞ ሐረጎን በጨለማ እንዳታቋርጡ ከዛም ቀደም በሉ። ሰኞ ወይ የበዓል ማግስት ሰው ስለሚበዛ ወረፋ ሊኖር ይችላል፣ ከተቻለ ጠዋት ያመጣችሁን ሹፌር ስልክ ያዙና ደውሉለት።

እዛው ማደር የምትችሉ ከሆነ ደሞ ሌላ ነገር ይከፈትላችኋል፣ በማግስቱ ጠዋት ወደ ወልድያ በሚወስደው መንገድ ቀጥላችሁ ውጫሌ መድረስ ትችላላችሁ፣ ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. የውጫሌ ውል የተፈረመበት፣ በ17ኛው አንቀጽ ምክንያት በኋላ ዓድዋ ድረስ ያደረሰን ቦታ ነው። ከሐይቅ የሚነሱ የወልድያ፣ የመርሳና የውጫሌ መኪኖች ስላሉ ደሴ መመለስ ሳያስፈልጋችሁ ከዛው ትሳፈራላችሁ።